ባርኔጣ የደፋው ዝንጀሮና የአባቴ ቋጠሮ

ይህ የምነግራችሁ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ውሸት ከሆነ ለጥገና የተቀበልሁት ስልክ ሁሉ እጄ ላይ ይፈንዳ። መሐላው ያነሰው ካለ ይንገረኝ፣ እጨምራለሁ። ብቸና ውስጥ «ታዘበው ነው ያለው» ከተባለ፣ ዝናብ እየዘነበ እንኳ ሰው እጁን ወደ ደጅ ዘርግቶ ካላረጋገጠ እንደማያምን አውቃለሁ። አንድ ጊዜ «የሞጣው አውቶቡስ ላይ አህያ ወንበር ይዛ ተቀምጣለች» ብዬ ግማሹን ገበያ ወደ መናኸሪያ አስሩጬዋለሁና አልፈርድባቸውም። የዛሬው ግን ሌላ ነው። የዛሬው ውስጥ የእህቴ ትዳር አለበት።

እህቴ ንጋት አስተማሪ ናት። እኔና ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ በሰላም ስንለያይ እሷ የእኔንም ድርሻ ደርባ ተማረች። ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ ዘመነ የሚባል የሞጣ ልጅ የጤና መኮንን ሆኖ ወደ እኛ ከተማ ተመደበ። ከተማሪዎቿ አንዱ ወድቆ ክንዱ ተሰበረና ንጋት ይዛው ሄደች። ከዚያ ወዲህ ትንኝ የነከሰው ልጅ ሳይቀር በእሷ እጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ ጀመር። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ ይገባኛል። ዘመነ ሽማግሌ ሊልክ ማሰቡን ስትነግረኝ የቀረው አንድ ተራራ ብቻ ነበር። እሱም አባታችን ነበሩ።

አባቴ አቶ ባምላኩ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው፣ ቅኔው አልቆጠርላቸው ሲል ወደ ሞፈራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ከዚያ ይዘውት የመጡት ጾም አክባሪነትንና በጥላ ሰዓት መለካትን ነው። ጥርጣሬውን ግን ከእናታቸው ሆድ ይዘውት ነው የወጡት። ሲያስነጥሳቸው «ይማርዎ» ያላቸውን ሰው «ምን ፈልጎ ይሆን?» ብለው ቀኑን ሙሉ ያስባሉ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እሳቸው ያወጡት ይመስል ጠዋት ማታ ይሉታል።

ታዲያ ጎረቤታችን እትዬ ፈንታዬ ጨጓራዋን አሟት ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበርና «ያ የሞጣ ልጅ ጾሙን ተይው አለኝ» ብላ ወሬውን ይዛ መጣች። ያን ዕለት በቤታችን መስኮት ሥር እያለፍሁ ነበር። እውነቱን ለመናገር ቆሜ ነበር።

«በዛብሽ፣ ይህ ልጅ ሁዳዴን የሚበላ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው እናቴን።

«በዓይንዎ አይተዋል?»

«ሌላውን ብላ የሚል እሱ ሊራብ ነው?»

«ፈንታዬን እኮ አሟት ነው።»

«ማንን ያላመመው አለ? አሁን ስሚኝ። ለመጋቢት መድኃኔ ዓለም በረሃ ወርደን ስለትሽን ስናደርስ ይከተለን። ስንቁን እሱ ይሸከም። ሰው የሚታወቅ በመንገድ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይደርስ እህል ከቀመሰ ሽማግሌዎቹን ከበር ነው የምመልሳቸው። ካልቀመሰ ይምጡ፣ ወንበር አወጣለሁ።»

ሄጄ ለንጋት ነገርኋት። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ለዘመነ ልንገረው?» አለች። ደግሞ ራሷ መለሰች፤ «አይ፣ አልነግረውም። ተነግሮት ከጾመ ምን ዋጋ አለው?»

ያን ጊዜ ነው እሷም ውስጥ ትንሽ ጥርጣሬ እንዳለች የገባኝ። የአባቷ ልጅ አይደለች እንዴ?

«አንተ ደግሞ ተንኮልህን ቤት ትተኸው ውጣ» አለችኝ።

«ያለ እሱ መንገድ አይገፋልኝም።»

«ታዘበው፣ የምሬን ነው።»

እህቴ የምሯን ስትሆን አፍንጫዋ ይቀላል። እኔም ብሆን ልጁን አላመንሁትም ነበር። ውሸታም ሰው ማንንም አያምንም፤ የቤቱን አመል ያውቀዋላ።

በዋዜማው ሸበል በረንታ ዘመድ ቤት አደርንና በማለዳ ከገደሉ አፋፍ ደረስን። ከዚያ ወዲያ መኪና የለም፤ መሬቱ ራሱ ያልቃል። ቁልቁል ስታዩ ቁልቋልና ግራር የበቀለበት ገደል በገደል ላይ ተደራርቦ፣ ከሥር ከሥሩ በረሃው፣ ከበረሃው ወገብ ላይ ደግሞ አባይ እንደ ተጣለ የመጫኛ ገመድ ተጠማዞ ይታያል። ቤተ ክርስቲያኑና ጠበሉ ከግርጌው ነው።

አባቴ ስልኮቻችንን ሰብስበው ዘመድ ቤት አስቀርተውታል። «በስለት መንገድ ስልክ አይነካካም» ብለው። ዘመነ ብቻ «ተረኛ ነኝ አባባ፣ በሽተኛ ሊደውል ይችላል» ብሎ የእሱን ያዘ። ይህም ከጥርጣሬው መዝገብ ላይ ገባ።

እናቴ ስለቱን ድፎ ዳቦ በአገልግል አድርገው በጀርባቸው አዘሉ።

«እማማ፣ እሱን ለእኔ ይስጡኝ» አላቸው ዘመነ።

«ስለት ነው» አሉ አባቴ ከእናቴ ቀድመው። «የማንም እጅ አይነካውም። አንተ ይህን ያዝ።»

የሰጡት የስንቁን ጆንያ ነው። ውስጡ ጭብጦና ቆሎ፣ ከውሃ ኮዳ ጋር። አፉን በጠፍር ቋጠሩት። ይህች ቋጠሮ የቀንበር ቋጠሮ ናት። ከአያቴ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ እኔ የመጣች፣ ከቤታችን ወንድ በቀር ማንም የማያውቃት። ሌላ ሰው ከፈታት መልሶ ሊቋጥራት አይችልም። አባቴ ሲቋጥሩ ዘመነን በዓይናቸው ጫፍ እያዩት ነበር። እሱ ምኑም አልገባውም፤ ሰፊ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ የሸራ ጫማውን አጥብቆ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣለ።

ወረድን። የበረሃውን ሙቀት ስነግራችሁ አትጠራጠሩኝ። ለዘጠኝ ሰዓት ብዬ ኪሴ ውስጥ የያዝሁት ሽምብራ ቆሎ እንደገና ተቆልቶ ጭኔ ላይ ይንጣጣ ነበር። ጅግሮቹ በአንድ እግር እየተፈራረቁ ይቆማሉ፤ አንዱ ሲግል ሌላውን ያወርዳሉ። አንዲት ሰስ፣ ያቺ የገደል ሚዳቋ፣ ጥፍር የምታህል ድንጋይ ላይ አራት እግሯን ሰብስባ ቆማ «እነዚህ ደግሞ ምን ቀራቸው?» በሚል ዓይን አየችን።

ትንሽ እንደሄድን አባቴ ቀጥ ብለው ቆሙ። አቧራው ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ዱካ አለ።

«ነብር» አሉ።

ዘመነ ጎንበስ ብሎ አየ። «የውሻ አይሆንም አባባ?»

«ውሻ ጥፍሩን አይደብቅም። ጥፍሩን ደብቆ የሚሄድ ነብር ነው» አሉና ዓይን ዓይኑን አዩት።

ከዚያ በኋላ ተጠጋግተን ሄድን። ከበላያችን ጠጠር ይንኮባለላል፤ ስንቆም ይቆማል፣ ስንሄድ ይቀጥላል። እናቴ በልባቸው ይጸልያሉ። ንጋት ዘመነን ታያለች፣ አባቴ ዘመነን ያያሉ፣ እኔ ሁሉንም አያለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ቁጥቋጦ በተነቃነቀ ቁጥር ሁላችንም አንገታችንን እናዞራለን።

መንገዱ ገደሉን ታክኮ አንድ ሰው ብቻ ከሚያሳልፍበት ደረስን። እኔና አባቴ ንጋትን አስከትለን ተሻገርን። እናቴ ግን መሃል ሲደርሱ ወደ ታች አዩና እግራቸው አልነሣ አለ። ዘመነ ጆንያውንም ባርኔጣውንም ከመሬት አስቀምጦ ደረሰላቸው፤ እጃቸውን ይዞ «እኔን ብቻ ይዩኝ እማማ፣ ገደሉን ለታዘበው ይተዉለት» እያለ አሻገራቸው። ዕቃውን ሊያመጣ ሲመለስ ጆንያው አለ። ባርኔጣው የለም።

ቀና ስንል ዝንጀሮው ከበላያችን ካለው ቋጥኝ ላይ ተቀምጧል። ጎፈሩ እስከ ወገቡ የወረደ፣ የመንጋ አውራ ነው። ባርኔጣውን ደፍቶታል። ትንሽ ወደ ግራ አዘንብሎ፣ ልክ ወረዳ ስብሰባ እንደሚገባ ሰው። ከኋላው ሚስቶቹና ልጆቹ ተደርድረዋል። ጠጠሩን ሲያንኮባልልብን የነበረው ነብር አልነበረም፤ እሱ ነው።

«ለእሱ ያምርበታል» አሉ አባቴ።

«እውነት ነው አባባ። ለእኔ ሰፍቶኝ ነበር» አለና ዘመነ ሳቀ። ብቻውን ነው የሳቀው።

ዝንጀሮው ከዚያ ወዲህ በግልጽ ይከተለን ጀመር። ዓይኑ ከጆንያው ላይ አይነቀልም። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ዝንጀሮ ያልሸተተውን አይከተልም። ጆንያው ተከፍቷል።»

ሄጄ ቋጠሮዋን አየኋት። እንዳለች ናት። መጥቼ ብነግራቸው ባሰባቸው። ትንሽ ቆዩና ደግሞ ክንዴን ያዙኝ።

«መንጋጋውን እይ። ይንቀሳቀሳል።»

እውነትም ይንቀሳቀሳል። ቀረብ ብዬ «ምን እያደረግህ ነው?» አልሁት።

«አፌ ደርቆ ነው። መፋቂያ ነው፤ ልስበርልህ?» አለኝ።

ተመልሼ «እንጨት ነው የሚያኝከው» አልኋቸው።

«እንጨት ያልተወ ሰው እህል ይተዋል?» አሉ።

ይህን የሰማ ጆሮዬ ደግሞ ሌላ ነገር ሰማ። ዘመነ በተራመደ ቁጥር ኪሱ ውስጥ የላስቲክ ነገር ይንኮሻኮሻል። ብስኩት ነው አልሁ በልቤ። ተንኮሌን ቤት ትቼ እንድወጣ ታዝዣለሁ፤ እጄን ግን ይዤው ነው የወጣሁት። እንደተደናቀፈ ሰው ወደቅሁበትና ከኪሱ መንትፌ አወጣሁ። ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውሃ በጥብጠው የሚሰጡት ያ የጨውና የስኳር ዱቄት ነው።

«ለእማማ ነው» አለኝ ዞር ሳይል። «አተነፋፈሳቸው ደስ አላለኝም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እበጠብጥላቸዋለሁ። አይተህ ስትጨርስ መልሰው።»

አፈርሁ ብል አታምኑኝም። ቢሆንም ለአባቴ ይህን አልነገርኋቸውም። ሌባ ሆኜ ያገኘሁትን ማስረጃ ምን ብዬ አቀርበዋለሁ?

ፀሐይዋ አናታችንን አለፈች። መንገዱ አሁንም ቁልቁል ነው፤ ቆማችሁ እንኳ የምትወርዱ የሚመስላችሁ ዓይነት። አንዲት ግራር ያለችበት ስንደርስ እናቴ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ከንፈራቸው ነጥቷል። ዘመነ «ውሃ እንኳ ቢቀምሱ» ሊል ጀምሮ አባቴን አየና ተወው። አባቴ ግን ሰምተዋል።

አባቴ የእጅ ሰዓት አያስሩም። ሰዓታቸው ጥላቸው ነው። ቀጥ ብለው ይቆሙና የጥላቸው ጫፍ ላይ ጠጠር ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ተረከዝን ከአውራ ጣት እያገናኙ በጫማ ይለካሉ። እያንዳንዱ ወር ለዘጠኝ ሰዓት የራሱ የጫማ ቁጥር አለው። ብቸና ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲለኩ ከደወሉ ጋር ዝንፍ ብለው አያውቁም። አሁንም ከግራሯ ጥላ ወጡና ለፀሐይዋ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ጥላቸው ቁልቁለቱን ተከትሎ ወረደ። እኔ ጠጠሩን አስቀመጥሁ። እየተንሸራተቱ ለኩ።

«ሞልቷል። ዘጠኝ ነው» ብለው አማተቡ። «መድኃኔ ዓለም ይመስገን። ጆንያውን አምጣው።»

ቶሎ የደረሰ መስሎኝ ነበር። ሆዴ ግን ከጥላው ጋር ተስማማ።

ዘመነ ስልኩን አውጥቶ አየ። አባቴን አየ። እንደገና ስልኩን አየ። አፉን ከፈት አደረገና መልሶ ዘጋው፤ ስልኩንም ከተተው። ያን ጊዜ ያየሁት ፊት የሌባ ፊት መስሎኝ ነበር።

አባቴ ቋጠሮዋን በጥንቃቄ መርምረው ፈቱ። ውስጡን ሲያዩ ግን የላይኛው ጭብጦ እንጂ የታችኛውም ቆሎውም የለም። ጆንያውን ገለበጡት። ከሥሩ ስፌቱ ተተርትሯል።

«ይህ በጣት የተፈታ ነው» አሉ።

«ዝንጀሮ ይሆናል አባባ፣ ያን ጊዜ እማማን ሳሻግር» አለ ዘመነ። «እሱም ጣት አለው።»

«ያንተ ግን ይቀርባል።»

እናቴ የቀረውን ጭብጦ ቆርሰው አደሉን። በላን፣ ውሃም ጠጣን። ዘመነ ዱቄቱን በጥብጦ ለእናቴ ሰጣቸው። የእሱ ድርሻ ግን እናቴ እጅ ላይ ቀረ።

«እኔ ትንሽ ልቆይ እማማ።»

«አልራበህም?» አሉ አባቴ።

«ሙቀቱ ምግብ ዘጋኝ አባባ። ስንደርስ እበላለሁ።»

ውሃውንም አልነካም። አባቴ ወደ እኔ ዞሩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ ቢያደርጉትም ንጋት ትሰማለች። «ገባህ? ከጠዋት ጀምሮ ተሸክሞ የወረደ ሰው ካልራበው ጠግቧል ማለት ነው። ጭብጦው የት እንደገባ ታወቀ።»

ንጋት የያዘችውን ቁራሽ አፏ ሳታደርሰው መልሳ ጠቀለለችው። ስንነሣ ከኋላ ቀረች። ዘመነም ቀረ። እኔ ጫማዬን የማስር መስዬ ከሁለቱ መሃል ጎንበስ አልሁ።

«ከበላህ በላሁ በለኝ» አለችው።

«አልበላሁም።»

«ታዲያ አሁን ለምን አትበላም? አባዬ ምን እያሰቡ እንደሆነ አይታይህም?»

«ይታየኛል።»

«እኮ ለምን?»

ዘመነ ወደ ፊት አየ። አባቴ ዱላቸውን እየተከሉ፣ እናቴን እየደገፉ ከፊታችን ይወርዳሉ። መልሱ አፉ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። እስከዚያ ሰዓት የዋጠው ነገር ያ ብቻ ነው።

«ትንሽ ታገሽኝ» አላት። እሷ አልታገሰችም፤ ጥላው አለፈች።

በዚህ ሁኔታ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ዘንድ ደረስን። ከዋርካው አጠገብ መሬቱ ደልዳላ ነው፤ እንደ አውድማ የተስተካከለ። ከዚያ ሆኖ የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ቅርብ ይታያል። አባቴ ሜዳው መሃል ሲደርሱ ቆሙና መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ዕቃ የጠፋባቸው መስሎኝ ነበር።

«ታዘበው፣ ና እዚህ ቁም።»

ቆምሁ።

«ጥላህ ለምን አጠረ?»

«እኔ ምን አደረግሁት አባዬ?» አልሁ። በዕድሜዬ ባላጠፋሁት ብዙ ተጠርጥሬአለሁ፤ በጥላዬ ስጠረጠር ግን የመጀመሪያዬ ነው።

አባቴ ራሳቸው ቆመው ለኩ። ከወሩ ጫማ ግማሹን እንኳ መሙላቱን እንጃ። እንደገና ለኩ። ከዚያ ቀና ብለው የወረድንበትን ቁልቁለት አዩት። ያቺን ግራር ያዩ ይመስለኛል። ሜዳ ላይ የሚለካ ጥላ አንድ ነው፤ ቁልቁለት ላይ የተለካ ጥላ ግን ራሱ ቁልቁል ይሮጣል። ዕድሜ ልካቸውን ግቢ ውስጥ ሜዳ ላይ ለክተው ያላሰቡት ነገር ነው።

ያን ጊዜ ደወሉ ተደወለ። የቅዳሴ መግቢያ ደወል። በሁዳዴ ቅዳሴ ሳይወጣ ማንም እህል አይቀምስም፤ እኛ ግን ገና ሳይገባ በልተናል።

አሁን የምለውን ልብ አድርጋችሁ ስሙ። ዝንጀሮው ከሜዳው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይበላ ነበር። ደወሉን ሲሰማ መብላቱን አቆመ። ከዚያ እጁን ወደ አናቱ ሰደደና ባርኔጣውን አወለቀ። እንደ ክርስቲያን። ደወሉ እስኪያበቃ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ቆየ። ኋላ እናቴ ሲያማትቡ ደንግጦ ይሁን ወይም ቅዳሴው ረዝሞበት፣ ሁሉንም ጥሎ ወደ ገደሉ ወጣ። ንጋት ሄዳ ባርኔጣውን አነሣችው። ውስጡ ግማሽ ጭብጦ አለ። እናቴ ጭብጦ ሲጋግሩ በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል፤ የጣታቸው አሻራ ላዩ ላይ ነበር።

ንጋት ባርኔጣውን ለአባቴ አሳየቻቸው። አባቴ ጭብጦውን ገለባብጠው አዩና ዘመነን ጠሩት።

«ስልክህ ስንት ሰዓት ይላል?»

ዘመነ ስልኩን አወጣ። እኔ በትከሻው ላይ አየሁ፤ ሰባት ሰዓት ተኩል አለፍ ብሏል።

«እዚህ ኔትወርክ የለም አባባ» አለ። «ኔትወርክ ሲጠፋ ሰዓቱ ይዛባል። እኔም አላመንሁትም።»

«ታዲያ ለምን አልበላህም?»

«ሞጣ እናቴ ደወል ሳንሰማ አታበላንም ነበር። ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ የእርስዎን ልክ ተጠራጥሬ አይደለም።»

እኔ የስልክ ጠጋኝ ነኝ። ኔትወርክ ስለጠፋ ሰዓቱ የተዛባ ስልክ እስከ ዛሬ እጄ አልገባም። ውሸት ደግሞ ከስልክ የበለጠ አውቃለሁ፤ ለራስ የሚዋሽ አለ፣ ለሳቅ የሚዋሽ አለ፣ ይህኛውን ግን ከዚያ በፊት አላየሁትም ነበር። ሰው የራሱን ትዳር ገደል አፋፍ ላይ አስቀምጦ የሽማግሌ ፊት እንዳይወድቅ ሲዋሽ። በልቤ «ይህ ሰው ወንድሜ ይሁን» አልሁ።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዘበው፣ ስልክ እንዲህ ያደርጋል?»

«ያደርጋል አባዬ» አልሁ ፈጥኜ። «በረሃ ሲገባማ ጭራሽ ያብዳል። አንዱ ስልክ እንዲያውም የትናንቱን ቀን አሳይቶ...»

«በቃህ» አሉ። «አንተ ካልህማ ውሸት ነው።»

ዓይናቸውን ከመሬት ላይ አላነሡም። ከዚያ ወደ ዘመነ ቀረብ አሉና «ይቅር በለኝ ልጄ፣ ጠርጥሬህ ነበር» አሉት።

ከቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ እኛ ከቅጥሩ ውጭ ቀረን። የበላ አፍ ጠበል አይጠጣም። አባቴ ከበሩ ግንብ ተደግፈው ቆሙና እናቴን ጠሯቸው።

«በዛብሽ፣ አገልግሉን ስጪው።»

«ለማን?»

«ለእሱ ነዋ። ከመካከላችን ሌላ የጾመ ማን አለ?»

እናቴ አገልግሉን ከጀርባቸው ፈተው ዘመነ እጅ ላይ አደረጉት። እሱ በሁለት እጁ ይዞ ገባ። ንጋት ባርኔጣውን እንደያዘች ግንቡ ሥር ተቀምጣ በሩን ትጠብቅ ነበር። አፍንጫዋ ቀልቷል።

ቅዳሴው ወጥቶ ዘመነ ሲመጣ እናቴ ያስቀመጡለትን ጭብጦ ሰጡት። ያን አበላሉን አይቶ ቀን በልቷል የሚል ካለ ዓይን የለውም። አባቴ ጎኑ ቁጭ አሉና ስፌቱ የተተረተረውን ጆንያ በድንጋይ ሞልተው ከፊቱ አቆሙት። ጠፍሩን አወጡ።

«ይህን ጫፍ በግራህ ያዝ» አሉት። «አይደለም፣ በዚህ። አሁን በሥሩ አዙረው።»

ዘመነ አዞረ። ተፈታበት።

«እንደገና። በዚህ እጅ ነው ሰው የምትሰፋው? ሞጣ በሬ አይጠመድም እንዴ?»

«ይጠመዳል አባባ። እንዲህ ግን አያስቸግርም።»

«ዝም ብለህ ያዝ።»

እስኪይዘው ድረስ አልለቀቁትም። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባቴ ወንበሩን ራሳቸው አወጡ። ያ ባርኔጣ ዛሬም በእነ ንጋት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የዝንጀሮ ጠረኑ አለቀቀውም።

ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው ብዬ ስለማልሁና ነገ ስልክ መክፈት ስላለብኝ፣ አንዲት ነገር ከራሴ መጨመሬን ልናገር። ዝንጀሮው አይደለም፤ እሱ ባርኔጣውን አውልቋል፣ ያላመነ ወርዶ ይጠይቀው። የጨመርሁት «ይቅር በለኝ ልጄ» የምትለዋን ነው። አባቴ በሕይወታቸው ማንንም ይቅርታ ጠይቀው አያውቁም፤ ያን ቀንም አልጠየቁም። ዋርካው ዘንድ ዝም ብለው ቆሙ፣ ዝም ብለው መንገዱን ጀመሩ። ቢሉት ደስ ይለኝ ነበርና አልሁላቸው። ቋጠሮዋን ያስተማሩት ግን እውነት ነው።